ትራይፖዱ ለምን ይወዛወዛል? ለሌሊት ካዮቲ አደን ማቆሚያ ስትመርጡ

አንድ አንባቢ ከቴክሳስ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ከዳላስ ወጣ ብሎ ባለችኝ ትንሽ መሬት ላይ ፍየል አረባለሁ። ካዮቲ፣ ያቺ ቀበሮ የምትመስል የአሜሪካ አውሬ፣ ግልገሎቼን እየጨረሰችብኝ ነው። ተርማል ስኮፕ (በጨለማ ሙቀት የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) የተገጠመለት ኤአር 15 ጠመንጃ አለኝ፣ ካሊበሩ 223 ነው። ቀን ቀን ከጠረጴዛ ላይ ስተኩስ አልስትም። ሌሊት ግን በትራይፖድ (በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ቆሜ ከ150 ሜትር ደጋግሜ ሳትኩ። ትራይፖዱ የካሜራ ነው፣ ካርቶኑ 8 ኪሎ ይሸከማል ይላል። ስነካው ይወዛወዛል፣ ጠመንጃውም ቀስ እያለ አፈሙዙን ይደፋል። እስከ 600 ዶላር አወጣለሁ። የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እርሳው። 8 ኪሎ ይሸከማል ማለት 8 ኪሎ ቢጫንበት አይሰበርም ማለት ነው። አይወዛወዝም ማለት አይደለም። ካሜራ ትራይፖድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማንም አይደገፈውም። አንተ ግን ጠመንጃው ላይ ትደገፋለህ። ጉንጭህን ታሳርፋለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ቃታ ትስባለህ። ይሄ ሁሉ ጉልበት ወደ እግሮቹ ይወርዳል። የካሜራ ትራይፖድ ደግሞ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም።

መወዛወዙ ምን ያህል እንደሚጎዳህ በቁጥር ላሳይህ። ጠመንጃህ ትራይፖዱ ላይ ከታሰረበት ቦታ እስከ ትከሻህ ድረስ 60 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሰደፉ ወደ ጎን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንሸራተት፣ 150 ሜትር ላይ ጥይቱ 25 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ 12 ተኩል። የቴክሳስ ካዮቲ ብዙ ጊዜ ከ11 እስከ 18 ኪሎ ነው የምትመዝነው። ትልቅ የሚያስመስላት ፀጉሯ ነው። ደረቷ ላይ በትክክል መምታት ያለብህ ቦታ ከ15 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይሰፋም። ስለዚህ በዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ ይበቃል ለመሳት። ከዚያም የከፋው አቁስሎ መልቀቅ ነው፣ እንስሳዋ ለሰዓታት ትሰቃያለች።

አዲስ ከመግዛትህ በፊት ግን የሚወዛወዘው የቱ እንደሆነ እወቅ። ብዙ ሰው እግሮቹን ይጠረጥርና ውድ እግር ገዝቶ ያንኑ ደካማ ጭንቅላት መልሶ ይገጥምበታል። ውዝዋዜው እንደነበረ ይቀራል። ጭንቅላት የምለው ከእግሮቹ በላይ ያለውን፣ ጠመንጃው የሚታሰርበትን ክፍል ነው።

እቤትህ እንዲህ አድርግ። ካዝናውን አውጣ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ወስደህ አስቀምጥ። ከዚያ ትራይፖዱን ሌሊት በምትተኩስበት ቁመት ልክ አቁመው፣ ባዶውን ጠመንጃ እሰርበት። አሁን የጭንቅላቱን የላይኛውን ሳህን በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠምዝዘው። በኃይል አይደለም፣ ሰደፉ ላይ ስትደገፍ በምታሳርፈው ጉልበት ልክ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከላይ እስከ ታች መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ያብራልህ። የቱ ጋ እንደሚላወስ ወዲያው ታየዋለህ።

መሃል ላይ ተስቦ የሚወጣ ምሰሶ ካለው መጀመሪያ እሱን ተመልከት። የካሜራ ትራይፖድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ምሰሶውን ወደ ላይ ስትስበው ሦስት እግር የነበረው ነገር አንድ እግር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አስገባው፣ ከተቻለም ነቅለህ ጭንቅላቱን በቀጥታ እግሮቹ መሠረት ላይ እሰረው። ቀጥሎ እግሮቹ ከላይ የሚታጠፉበትን ብሎን እይ። እየላላ ስለሚሄድ በአለን ኪ (ባለ ስድስት ማዕዘን የብሎን መፍቻ) ማጥበቅ ይፈልጋል። እግሩ ተዘርግቶ በራሱ ክብደት የማይወርድ፣ በእጅ ሲገፋ ግን የሚንቀሳቀስ እስኪሆን ድረስ አጥብቀው። ከዚያ ጭንቅላቱን ከእግሮቹ ጋር የሚያያዘውን ብሎን። በመተኮስ ብዛት ይፈታል። አውጥተህ አጽዳውና ሰማያዊውን ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) ጠብ አድርገህ መልሰህ እሰረው። ቀዩን አይደለም፣ ቀዩ በሙቀት ካልሆነ አይፈታልህም።

አሁን አፈሙዙን እየደፋ የሚወርደው ነገር። ይሄ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ጭንቅላቱን በየአቅጣጫው የሚያዞረው ኳስ ትንሽ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን በነፃ የሚስተካከል ነው፤ ጠመንጃውን ያሰርክበት ቦታ። ብዙ ሰው ሚዛኑ ካለበት ቦታ ውጭ ያስራል፤ ከሚዛኑ ወደ ኋላ ካሰርከው አፈሙዙ ይደፋል፣ ወደ ፊት ካሰርከው ደግሞ ሰደፉ ይወርዳል። ተርማል ስኮፕ ደግሞ ከባድ ነው፣ ብዙዎቹ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ስለዚህ ሚዛኑ ይፋለሳል፣ ኳሱም ሌሊቱን ሙሉ ያንን ክብደት ሲታገል ያድራል። ባዶውን ጠመንጃ ከነስኮፑና፣ ካለህ፣ ከነድምፅ ማፈኛው እጅህ ጠርዝ ላይ አስቀምጥና የት ላይ እንደሚመጣጠን ፈልግ። ኤአር 15 ላይ ብዙውን ጊዜ ከካዝናው መግቢያ ትንሽ ወደ ፊት ነው። እዚያ ላይ ፕላስተር ለጥፍና ማሰሪያውን እዚያው ወይም በተቻለ መጠን ጠጋ አድርገህ ግጠም። እጅህን ስትለቀው ወደ የትም ካላዘነበለ አግኝተኸዋል። ከዚያ በኋላ ኳሱን ጥርስ ነክሶ ማጥበቅ አያስፈልግም፣ ለስለስ አድርገህ ይዘኸው ወደፈለግህበት ታዞረዋለህ። ካዮቲን በድምፅ ስትጠራት ብዙ ጊዜ ከፊት ለፊትህ አትመጣም። ነፋሱን ለማሽተት ዞራ ትመጣለች። ስለዚህ ጠመንጃው ያለድምፅና ያለግትርነት መዞር አለበት።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተወዛወዘ፣ እግሮቹ ቀጭን ናቸው። ያኔ ግዛ።

ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው የላይኛው ቱቦ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ነው። የቱቦ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። የግድግዳው ውፍረት አንድ ዓይነት ሆኖ ቱቦው ከ28 ወደ 36 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለጠመንጃ ከ32 በታች አልመክርም። የእግሩ ክፍሎች ብዛትም ወሳኝ ነው። ባለ አራት ክፍል እግር ሲታጠፍ ያጥራል፣ ለሻንጣ ይመቻል። ግን የታችኛው ቱቦ በጣም ይቀጥናል። አንተ በመኪና ጭነህ ስለምትሄድ ባለ ሦስቱን ውሰድ።

ካርቦን ፋይበር ወይስ አሉሚኒየም? ካርቦን ይቀላል፣ ንዝረትን ቶሎ ይውጣል፣ በጥር ብርድ እጅህን አያቃጥልም። ጥሩ ዕቃ ነው። ሪሊ ራይት ስታፍ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው እግሮች ለምሳሌ በዚህ ሥራ ላይ ስማቸው የታወቀ ነው፤ ዋጋቸው ግን ካሰብከው በጀት በጣም ያልፋል። ደግሞም የካርቦን ዋናው ጥቅም ለሚጓዝ ሰው ነው። አንተ ከቤትህ እስከ በረቱ ነው የምትሄደው። ለአንተ ክብደት ወዳጅ ነው። እንደ ቦግ ዴዝግሪፕ ያለ ከባድ የአሉሚኒየም ትራይፖድ ይበቃሃል። ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጭንቅላቱ ላይ ጠመንጃውን እንደ ሞርሳ የሚጨብጥ ጎማ ያለው መንጋጋ አለው፣ በጀትህንም አይጨርሰውም። መንጋጋው ልዩ ማሰሪያ አይፈልግም፣ ማንኛውንም ጠመንጃ ይይዛል። ጠመንጃህን በሚዛኑ ቦታ ላይ በትክክል ያዝበት እንጂ።

ጥብቅ ነገር እፈልጋለሁ ካልክ መንገዱ አርካ የሚባለው ሐዲድ ነው። 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ጎኑ በሰያፍ የተቆረጠ ሐዲድ ከጠመንጃው ሥር በብሎን ይታሰራል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ያንን ይነክሳል። ብረት ከብረት ጋር ስለሆነ መላወስ የለም። ወደፊትና ወደኋላ አንሸራተህ ሚዛኑን ማስተካከልም ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ሐዲዱና ማሰሪያው ከተለያየ ኩባንያ ከሆኑ በማንሻ የሚዘጋውን ትተህ በብሎን የሚጠብቀውን ማሰሪያ ግዛ። የኩባንያዎቹ ልክ በጥቂቱ ይለያያል፣ ማንሻ ደግሞ የሚዘጋው በአንድ ልክ ብቻ ነው። የተዘጋ መስሎህ ጠመንጃህ ሊወድቅ ይችላል። ከታሰረ በኋላ ሁልጊዜ ወደ ላይ ጎተት አድርገህ ፈትሽ።

ቁመቱን ካለ መሃል ምሰሶ ለካው። ቆመህ ስታነጣጥር አንገትህ መጎንበስ የለበትም። ሜዳው እኩል ስለማይሆንም ከሚያስፈልግህ በላይ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው። የእግሩን መቆለፊያ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ጓንት አድርገህ ሞክረው። ጨለማ ውስጥ የምትይዘው እንደዚያ ነው። መቆለፉን በእጅህ ካላወቅክ ተወው። ከእግሩ ጫፍ ጎማውም ሹል ብረቱም ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ሣርና አፈር ላይ ሹሉ ይሻላል። አሉሚኒየም ከሆነ የላይኛውን ቱቦ በስፖንጅ ጠቅልለው፣ ሲጋጭ የሚያሰማው ድምፅ በጸጥታ ሌሊት ሩቅ ይሄዳል።

ስታቆመው አንዱን እግር ወደምትተኩስበት አቅጣጫ አዙር፣ ሁለቱ በግራና በቀኝህ ይሁኑ። ከዚያ ወደፊት ተጫነው። የፊተኛው እግር ክብደትህን ይሸከማል፣ ወደፊትም አይገለበጥም። ሁለቱ የኋላ እግሮች መሃል ለእግርህ ቦታ ይተውልሃል። ሣሩ አጭር ከሆነ ግን ለምን ትቆማለህ? ወንበር ላይ ተቀመጥና እግሮቹን አሳጥራቸው። ትራይፖድ ባጠረ ቁጥር ይጸናል። እንዲያውም ካዮቲዋ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ከሆነ የምትመጣው፣ መሬት ውስጥ በደንብ የተቀበረ ወፍራም እንጨት ላይ አንድ መንጋጋ ብትገጥም የትኛውም ትራይፖድ አይደርስበትም። ብዙ ወጪ የለውም።

ከበጀትህ የተረፈውን በእጅ ለሚያዝ ተርማል መነጽር አስቀምጥ። ይሄን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ጠመንጃው ትራይፖድ ላይ ስለሆነ ብቻ በስኮፑ ዙሪያውን መቃኘት የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። በስኮፕ ስትቃኝ አፈሙዙ የጎረቤትህን ቤት፣ መንገዱን፣ የራስህን በረት ሁሉ እየዞረ ያነጣጥራል። በመነጽር ፈልግ፣ አይተህ ካረጋገጥክ በኋላ ብቻ ወደ ጠመንጃው ሂድ። ተርማል ሙቀት ያሳያል እንጂ ፊት አያሳይም። ፍየል የሚጠብቅ ውሻ ያላቸው ጎረቤቶች ካሉህ ጨለማ ውስጥ ውሻውም ካዮቲዋም ነጭ ጥላ ናቸው። አረማመዱን፣ የጅራቱን አያያዝ፣ ከፍየሎቹ ጋር ያለውን ሁኔታ እይ። እርግጠኛ ካልሆንክ አትተኩስ። ከበስተኋላዋ ምን እንዳለም እወቅ። ቆመህ ወይም ወንበር ላይ ሆነህ ስትተኩስ ጥይቱ ትንሽ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ተኝቶ ከመተኮስ በዚህ ይሻላል፣ ግን ሜዳ ላይ ከመሬት ነጥሮ ሊሄድ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትተማመን። በቴክሳስ ሕግ አዳኝ የተኮሰው ጥይት የንብረት ወሰን አቋርጦ ከሄደ፣ ከዚያኛው መሬት ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ከሌለህ ያስከስስሃል። በግል መሬት ላይ ካዮቲን ሌሊት ማደን ቴክሳስ ትፈቅዳለች፣ ዓመቱን ሙሉ። ግን ከመውጣትህ በፊት ለአካባቢህ ጌም ዋርደን (የአደን ሕግ አስከባሪ) ደውለህ አሳውቅ። ሌላ ስቴት ያላችሁ አንባቢዎች የራሳችሁን ስቴት ሕግ ሳታዩ አትውጡ።

ፍየሎቹን ሌሊት ሌሊት በረት አስገባቸው፣ በተለይ የሚወልዱትን። ትራይፖዱ የመጣችውን ይመልስልሃል፣ ቀጣዪቱን አያስቀርም።

አዲሱ ዕቃ እንደመጣ፣ ሌሊት ከመውጣትህ በፊት ቀን ላይ አንድ ወረቀት 100 ሜትር ላይ ስቀል። መጀመሪያ ከጠረጴዛው ላይ አምስት ተኩስ። ከዚያ ጠመንጃውን ትራይፖዱ ላይ እሰርና ልክ ሌሊት እንደምትሆነው ሆነህ ሌላ አምስት ተኩስ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላያርፉ ይችላሉ፣ ማሰሪያው ጠመንጃውን የሚጫንበት ሁኔታ ስለሚለያይ። ስኮፑን የምታስተካክለው በትራይፖዱ አምስት ነው።