ጥያቄና መልስ፦ ደብተር ዘግቶ መጠየቅ

ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ መማር የተጠናው ነገር ሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁኝ።

ከደሴ፦ መምህር፣ ተማሪዎቼ ደጋግመው ያነባሉ። ፈተና ላይ ግን ባዶ ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳያዩ ያስታውሱ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር አንብቦ፣ ሦስቱን ዙር ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ አስታወሱ። ልጆቻችንን የምትሸውዳቸው ያቺ የ5 ደቂቃ ብልጫ ናት።

እኔ ገና እንደገባሁ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጥያቄ እጽፋለሁ። አንዱ የትናንት፣ አንዱ ያለፈው ሳምንት፣ አንዱ ያለፈው ወር። ደብተር ዝግ፣ ሩብ ወረቀት፣ 5 ደቂቃ። ከዚያ አብረን እንመልሳለን፤ ሁሉም የራሱን ያርማል። በቀደም አንዷ ልጅ «ማታ እኮ አውቀው ነበር!» እያለች እስክሪብቶዋን ስትነክስ ቆየች። ትምህርቱ እዚያ ጋ ነው። ማርክ ግን አትያዙበት። ማርክ ካለ ኩረጃ አለ።

ከአዳማ፦ 70 ተማሪ አለኝ። ማን ያርማል?

መልስ፦ ራሳቸው። ከላይ ጽፌዋለሁ።

ከጅማ፦ ከተከታታይ ምዘናው 10 ማርክ ብንሰጠውስ?

መልስ፦ አትያዙበት አልኩ እኮ!

ከሀዋሳ፦ አንዱ በማየት፣ ሌላው በመስማት ይማራል የሚባለውስ?

መልስ፦ ፓሽለር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ጥናቶቹን ገምግመው በቂ ማስረጃ አላገኙለትም። እለፉት።

ከጎንደር፦ ይሄ የፈረንጅ ግኝት ነው እንዴ? የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ ነው የሚለው።

ከአዲስ አበባ፦ እሱ ሽምደዳ ነው። ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊት የሚደግም ስንት አለ!

ከጎንደር፦ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ የሚነግረውም ሸምዳጅ ነው?

ከአዲስ አበባ፦ ቅኔ ቤት የሚደርሰው ስንቱ ነው?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ክርክሩን ለሌላ ቀን። ብቻ ቃሉን ከያዙ በኋላ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሚቶኮንድሪያ ምንድን ነው» ብቻ ሳይሆን «የጡንቻ ሴል ለምን ብዙ ያስፈልገዋል» በሉ።

ከባሕር ዳር፦ ሒሳብ ላይስ?

መልስ፦ የሒሳብ ሰው አይደለሁም። መልመጃውን ቀላቅሉት። መልመጃው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ልጁ የቱን ዘዴ እንደሚጠቀም አያስብም። ፈተናው ግን ያንን ነው የሚጠይቀው።

ከአዲስ አበባ፦ መምህር፣ ተማሪን ጎበዝ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መልስ፦ ስንተኛ ክፍል? ምን ትምህርት? ምኑ ጠፋባቸው? እንዲህ አርገህ ጠይቀኝ።

ከደሴ፦ ማርክ ከሌለው ማን ይሠራዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ ግማሹ ባዶ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። እኔም ጋ እንደዚያ ነበር። አሁን ስገባ ወረቀታቸውን ቀደው ይጠብቁኛል። ደወል ተደወለ፣ 10ኛ ቢ አለኝ።