ከልብ ምቱ በኋላ የመጣው ኬኒ ሮጀርስ

ልጆች፣ እኔ አዳማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ከድምፅ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሠርግም፣ ለኮንሰርትም፣ ለስብሰባም ሞንታርቦ አቆማለሁ፣ ሚክሰር ላይ እቀመጣለሁ። አሁን የሚሸከሙልኝ ልጆች አሉ፤ የኔ ወገብ እምቢ ብሏል። የጀመርኩት ግን በ17 ዓመቴ ነው፤ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት በመቅዳት። ያኔ ከተማችን ናዝሬት ነበረች። ለነገሩ ለእኔ ቢጤው ዛሬም ናዝሬት ናት፤ ምላስ ቶሎ አይለምድም።

እዚያ ሙዚቃ ቤት የሠራሁት አንድ ጥፋት አለ። እሱን ልንገራችሁ።

ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ ወይ ከእኛ ይገዛል። የሚፈልገውን አልበም ይነግረናል፣ እኛ እንቀዳለታለን። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ይይዛል። የሸክላው አንድ ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ባዶ ክር ይተርፋል። ባዶ ክር ደግሞ ጠብ ነው። «ከፍዬ ሽሽሽ ልስማ እንዴ?» ይላል ሰውዬው። እኛም መላ ነበረን። እጃችን ላይ ያለውን ዘፈን እንሞላበታለን።

የእንግሊዙ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በፈረንጆች 1973 ያወጣውን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ስንቴ እንደቀዳሁት አላስታውስም። 43 ደቂቃ ገደማ ነው። በልብ ምት ይጀምራል፣ በልብ ምት ያልቃል። ዘፈኖቹ እርስ በርስ ይገባባሉ፤ አንዱ አለቀ ስትሉ ሌላው ውስጥ ናችሁ። መጨረሻው ላይ ልብ ምቱ እየደከመ ሲሄድ የአንድ ሰው ንግግር በስሱ ይሰማል። ሰውዬው ሙዚቀኛ አይደለም። አልበሙ የተቀረጸበት የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ዘበኛ ነው! የባንዱ ሰዎች ስቱዲዮው ውስጥ ያገኙትን ሰው ሁሉ ስለ እብደት፣ ስለ ጠብ፣ ስለ ሞት እየጠየቁ መልሱን ይቀዱ ነበር። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ሳይቀር ተጠይቋል። የሱ መልስ ተትቶ የዘበኛው ገባ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ያኔ ግን አላውቅም። ልብ ምቱ መድከም ሲጀምር «አለቀ» እልና የአሜሪካውን የካንትሪ ዘፋኝ ኬኒ ሮጀርስን እለጥፍበታለሁ። በዚያ ዘመን ኬኒ ሮጀርስን የሚጠላ ሰው አልገጠመኝም። ምስኪኑን ዘበኛ ግን ስንት ካሴት ላይ አፉን እንደዘጋሁት እግዜር ይወቀው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወንጂ የሚኖሩ አንድ የድሮ ደንበኛዬ መጡ። ልጃቸው ከውጭ ሲዲውን ልኮላቸዋል። ተቆጥተዋል። «ይሄ ጎዶሎ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የካውቦዩ ዘፈን የለም» አሉኝ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቀጥለው ያሉትን ስሰማ ግን አፈርኩ። እሳቸው ያንን ካሴት ከአሥር ዓመት በላይ ሲሰሙት ኖረዋል። ትርጉምም አበጅተውለታል። ሰዎቹ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ እብደት ሲጨነቁ ይቆዩና በመጨረሻ ሁሉን ትተው ገጠር ገቡ። ትርጉሙ አይከፋም፤ እንዲያውም ያምራል። ችግሩ፣ ገጠር ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ የኔ ዕድሜ ሰው ቲክቶክ እያለ ሲወቅሳችሁ ስለ ካሴት ጠይቁት። መቁረጥና መቀጠል በእናንተ አልተጀመረም።

ይህን ታሪክ የቀሰቀሰብኝ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። ሰሞኑን ኬብል እየጠቀለልን «ጋሼ፣ ፍሬዲ ሜርኩሪ እኮ እንደሚሞት እያወቀ ነው ለእኛ አገር የዘፈነው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በፈረንጆች 2018 ፍሬዲ ስለዘፈነበት ስለ እንግሊዙ ኩዊን ባንድ የወጣውን ፊልም አይቶ መስሎኝ ነበር። ለካ ፊልሙንም አላየውም። ዩቲዩብ ላይ በአሥር ደቂቃ በአማርኛ የተተረከውን ነው የሰማው።

እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ። ልጁ ያለው ኮንሰርት፣ ላይቭ ኤይድ፣ የተካሄደው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1985) ነው፤ ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ፣ በአንድ ቀን። ለኛው ድርቅ ገንዘብ ለማሰባሰብ። እኔ ያኔ 15 ዓመቴ ነበር። ኮንሰርት የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አልሰማሁም። የማስታውሰው በአሰብ መንገድ እህል ጭነው የሚያልፉትን ተሳቢዎች ነው። እኛ ልጆቹ መንገድ ዳር ቆመን እንቆጥራቸው ነበር።

ፊልሙ የሚነግረን ባንዱ ለረጅም ጊዜ ተለያይቶ ለዚያ ቀን እንደታረቀ ነው። ፍሬዲ የራሱን አልበም ሊሠራ ስለተለየ ጓደኞቹ አኩርፈዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ኩዊን በፈረንጆች 1984 አዲስ አልበም አውጥቶ እስከ ግንቦት 1985 ድረስ አገር ላገር ሲዞር ነበር። ከፍሬዲ ቀድሞ የራሱን አልበም ያወጣው ደግሞ ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ነው፤ በ1981። ሕመሙንም፣ ኤድስን፣ በፊልሙ ከኮንሰርቱ በፊት ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል። ቅርቡ የነበሩ ሰዎች የሚሉት ግን የምርመራ ውጤቱን ያወቀው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነው። ለሕዝብ የተናገረው በፈረንጆች ኅዳር 1991 ላይ ነው፤ በማግስቱ ሞተ።

ልጁ ይህን ስነግረው ቅር አለው። «ታዲያ ውሸት ነው?» አለኝ። ውሸት ከማለት እንደኔ ካሴት ነው ብል ይሻላል። የፊልሙ ሰዎች 134 ደቂቃ ነበራቸው፤ አንድ ሕይወት አይገባበትም። እዚህ ቆረጡ፣ እዚያ ለጠፉ። ዌምብሌይ ላይ ከተዘፈኑት ሁለቱ እንኳ ሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ ውስጥ የሉም። ኩዊኖች ራሳቸውስ? ያን ቀን የተሰጣቸው 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስድስት ደቂቃ የሚጠጋውን ትልቁን ዘፈናቸውን ከመሃል አቋርጠው ወደሚቀጥለው ሄዱ። ከዚያ ፊልሙ ቆረጠ። ከዚያ ተራኪው ቆረጠ። ልጁ ያለቀሰው በአራተኛው ቅጂ ነው።

ፊልም አትዩ አልላችሁም። ፊልም ጥሩ በር ነው። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በፈረንጆች 2005 ባወጣው ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲያስገባ፣ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ስንት ፈረንጅ ሸክላውን ፍለጋ ወጣ። የኛ ልጆችም እንደዚያው። አንዳንዱ ሙላቱን ያወቀው ከሆሊውድ ዞሮ ነው፣ ግድ የለም። በሩ ላይ መቆሙ ነው የማይገባኝ። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በፈረንጆች የ1972 አልበም ነው፤ እራት በልታችሁ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

አንድ ነገር ሞክሩልኝ። በሳምንት አንድ አልበም ምረጡ። የማንም ይሁን፤ ጃኖ ባንድም፣ ማሕሙድም፣ አስቴርም። ከአንድ እስከ መጨረሻው በተደረደረበት ቅደም ተከተል ስሙት። አታቀያይሩ፤ የማትወዱትንም ዘፈን ጭምር። ከዚያ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚለውን ፈልጉ። ድሮ ካሴቱ ሽፋን ላይ ተጽፎ ነበር፤ አሁን ስልካችሁ ላይ ፎቶና ስም ብቻ ነው የሚወጣው። ቤዙን ማን እንደመታው ለማወቅ መድከም አለባችሁ። ድከሙ።

ልጁን ባለፈው እሑድ ቤት ጠራሁትና ፒንክ ፍሎይድን ከፈትኩለት። ትልቁን ስፒከር አወጣሁ። ስልኩን መሶቡ ላይ አስቀመጠ። መጀመሪያ እግሩን ያወዛውዝ ነበር፤ ሰዓቶቹ በአንድ ጊዜ ሲጮሁ ደንግጦ ቆመ። ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ገጽ አጋምሰን፣ ወደ መጨረሻው ስንቃረብ መብራት ጠፋ።

ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሃያ ደቂቃ ያህል። መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ልቀጥልለት እጄን ዘረጋሁ።

«አይ ጋሼ፣» አለኝ፣ «ከልብ ምቱ ይጀምር።»