ስለ ኪችዲ ጠየቃችሁኝ፣ ይኸው መልሴ

ኪችዲ ማሾና ሩዝ አብረው እስኪላሉ የሚቀቀሉበት የህንድ ምግብ ነው። በአዩርቬዳ፣ ማለትም በህንዶች ባህላዊ ሕክምና፣ ለሆድ ከሚቀሉ ምግቦች ግንባር ቀደሙ ነው። ጥያቄው ብዙ ስለሆነ በቀጥታ ልግባ።

ጥያቄ፦ ገበያ ያገኘሁት አረንጓዴ ማሾ ነው። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ። ህንዶች ለዚህ የሚመርጡት ተከክቶ ቅርፊቱ የወጣለትን ቢጫውን ነው፤ ቶሎ ይበስላል፣ ሆድም ብዙ አይነፋም። የሰሜን ሸዋውና የወሎው አረንጓዴ ማሾም ግሩም ነው። ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውሃውን ድፊው። አዲስ አበባ ከሆንሽ ደግሞ በከፍታው ምክንያት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ይዘገያል። አትቸኩዪ።

ጥያቄ፦ ልክና አሠራሩን ብትነግሩን?

መልስ፦ 1 ብርጭቆ ክክ ማሾ፣ 1 ብርጭቆ ሩዝ፣ 6 ብርጭቆ ውሃ። ማሾውንና ሩዙን ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። ወፍራም ድስት ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጡና ያልተፈጨ ከሙን ጣሉበት። እዚህ ጋ ዓይናችሁን እንዳታነሱ። ከሙኑ መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲወጣ፣ ሳይጠቁር፣ የተከተፈ ዝንጅብል ጨምሩ። ቀጥሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ። እርድ ቶሎ ያርራል፣ ካረረ ደግሞ ይመራል፤ ስለዚህ ወዲያው ማሾውንና ሩዙን ጨምራችሁ አማስሉ፣ ውሃውን አፍስሱ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ አረፋውን ግፈፉ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተዉት። ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ። ከአጥሚት ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ሲል ደርሷል። እየቆየ ስለሚጠጥር ሙቅ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

የቤንጋል ሰዎች ማሾውን መጀመሪያ በደረቁ ያምሱታል፤ በተለይ በዝናብ ቀን ይወዱታል። ሞክሩት፣ መዓዛው ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ነው።

መልስ፦ ይበላል፤ ግን ኮሰረቱና በሶብላው ከሙኑን ይጫኑታል። ያልተቀመመ ቅቤ በዝግታ አንጥሩና አጥልሉት። ህንዶች ጊ የሚሉት ይኸው ነው። ለጾም ዘይት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። ሩዙ አይጎዳኝም?

መልስ፦ እናቴ፣ ነጭ ሩዝ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ለእርስዎ 2 እጅ ማሾ፣ 1 እጅ ሩዝ ይሁን፤ ጎመንም ይጨምሩበት። ከበሉ በኋላ ስኳርዎን ይለኩና እየተከታተሉ ያስተካክሉ። መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ሰውነት ያጸዳል ሲሉ ሰምቼ ለሳምንታት ይህንኑ ብቻ ልበላ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን አልመክርህም። መርዝ የማስወገዱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። የኪችዲ ጥቅም ሌላ ነው። ሩዝ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ማሾ ግን በደንብ አለው፤ ማሾ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ደግሞ ሩዝ ይሞላለታል። ከሕመም ላገገመ ሰው የሚመቸውም ልል ስለሆነና ስለሚጠግን ነው። ለብቻው ግን ቫይታሚን ቢ12 እንኳ የለውም። ሌላም ልንገርህ፦ በአዩርቬዳ ስም ከሚሸጡ ክኒኖችና ዱቄቶች በአንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስና ሜርኩሪ የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ተገኝተዋል። ምግቡን ብላ፣ ክኒኑን ሐኪም ሳታማክር አትዋጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ወሯ ነው። ልስጣት?

መልስ፦ ስጫት። በህንድም ሕፃናት ከሚጀምሯቸው ምግቦች አንዱ ነው። ጨው አታድርጊበት፣ ቅመሙን ቀንሺ፣ በደንብ ጨፍልቂው።

ጥያቄ፦ ለነገ ይቀመጣል?

መልስ፦ ይቀመጣል፤ ግን ድስቱ ውስጥ አይደር። የበሰለ ሩዝ ውጭ ሲቆይ የሚራባው ባክቴሪያ መርዝ ይሠራል፣ ማሞቅም ያንን መርዝ አያጠፋውም። በሰፊ ሳህን አቀዝቅዙና በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። በማግስቱ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ እስኪፈላ አሙቁት፣ ሎሚ ጨምቃችሁበት ብሉ።