ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሌንሱ ዐይኔ ውስጥ ገብቶ ቢቀርስ?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ሴት ነኝ። የሩቁን ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ መነጽር አደርጋለሁ፤ አሁን ኮንታክት ሌንስ አምሮኛል። ለስላሳና ጠንካራ የሚባል እንዳለ ሰምቻለሁ፤ የትኛው ይሻላል? አክስቴ «ከዐይን ጀርባ ገብቶ ይጠፋል» እያሉ ያስፈራሩኛል። ባለፈው ወር የእህቴን ባለቀለም ሌንስ ለሙከራ አድርጌው አደርኩ፤ በማግስቱ ዐይኔ ቀላ፣ ቆረቆረኝም። ቤት የነበረ ጠብታ ስጨምርበት ለቀቀኝ። ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ከአክስትዎ ስጋት እንጀምር። የሚሉት ሊሆን አይችልም። የዐይንን ነጭ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ጥቂት ወደ ኋላ ከሄደ በኋላ ይታጠፍና የዐይን ቆብን ውስጠኛ ገጽ ይሸፍናል። ዙሪያውን ዝግ ነው፤ ወደ ጀርባ የሚያሳልፍ ቀዳዳ የለውም። ሌንስ ተንሸራቶ ከላይኛው ቆብ ሥር ሊሸጎጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሌንስ ማርጠቢያ ጠብታ ጨምረው፣ ዐይንዎን ጨፍነው ቆቡን ቀስ ብለው ይሹት፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል። እምቢ ካለም ሐኪም ቆቡን ገልብጦ ወዲያው ያወጣዋል። በዚህ በኩል እንቅልፍ አይጡ።

እንቅልፍ ሊነሳዎት የሚገባው በመጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጉት ነገር ነው። የሌላ ሰው ሌንስ አደረጉ፤ ተኙበት፤ ዐይንዎ ሲቀላ ደግሞ ለማን እንደታዘዘ የማይታወቅ ጠብታ ጨመሩበት። ሦስቱንም በአንድ ሌሊትና ቀን! ስለተሻለዎት ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ዕድል ነው እንጂ ሕክምና አይደለም።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ከዐይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ክፍል፣ ኮርኒያ፣ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በዋናነት ከአየር ነው። ስንተኛና ዐይናችን ሲከደን የሚደርሰው ኦክስጅን ወደ ሲሶ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሌንስ ሲደረብ ኮርኒያው ይታፈናል፤ ላዩ ይላላል፤ በሌንሱ ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያም መግቢያ ያገኛል። ሌንስ አድርጎ ማደር የኮርኒያ ቁስለትን አደጋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ኃይለኛ ባክቴሪያ ከሆነ ኮርኒያን በቀናት ውስጥ ሊበሳ ይችላል፤ ቢድንም የሚተወው ነጭ ጠባሳ መሃል ላይ ከሆነ ዕይታን ይጋርዳል።

ስለዚህ ይህን ይያዙልኝ፦ ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዐይኑ ከቀላ እና ካመመው፣ ብርሃን ካስጨነቀው ወይም ዕይታው ከደበዘዘ፣ ተመርምሮ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ የኮርኒያ ቁስለት ነው ብለን እናስባለን። ሌንሱን ያውጡ፤ ዐይንዎን በጨርቅ አይሸፍኑ፤ በዚያው ቀን የዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሌንሱንና መያዣውን አይጣሉ፤ ጀርሙ ከዚያ ሊመረመር ይችላል። «እስከ ሰኞ ልየው» የሚባል ነገር የለም። እየታመሙ ለሳምንት የሚቆዩ ሰዎች ነገር አይገባኝም፤ ጥርስ ሲያም እንኳን እንዲህ አይታገሡም።

ቤት የተገኘው ጠብታስ? ስቴሮይድ የተባለ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ያለባቸው አሉ። ስቴሮይድ ቅላቱን ያጠፋል፤ ሰውየው ዳንኩ ይላል፤ ቁስሉ ግን ከሥር ይሰፋል። በተለይ ቁስሉ ሄርፐስ ከተባለ ቫይረስ ወይም ከፈንገስ የመጣ ከሆነ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። አዘውትረው ሲጨምሩት ደግሞ የዐይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሞራም ያስከትላል። «ለቀቀኝ» ያሉኝ ቃል ያላስደሰተኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጠየቁኝ እንመለስ። ለስላሳ ሌንሶች ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ናቸው። ሃይድሮጄል ውኃ ያዘለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የቼኩ ኬሚስት ኦቶ ቪክተርለ በልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ በሠራው ማሽን ያመረተው ዓይነት ነው። ሲያደርጉት አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ኦክስጅን የሚያሳልፈው ግን በያዘው ውኃ በኩል ብቻ ስለሆነ መጠኑ ውስን ነው። ሲሊኮን ሃይድሮጄል ከዚህ በእጅጉ ያሳልፋል፤ ሆኖም ጥቂት ጠንከር ይላል፤ ቅባትም ይይዛል። ጠንካራው፣ አየር አሳላፊው ሌንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆረቁራል፤ አቧራ ከሥሩ ሲገባ ያስነባል። ዕይታን በማጥራት ግን የሚወዳደረው የለም፤ ኮርኒያቸው ወደ ፊት ለሾለ ወይም ወጣ ገባ ለሆነባቸው ሰዎች ተመራጭ ነው። የእርስዎ ችግር የሩቅ ዕይታ ብቻ ከሆነ፣ ምርጫዬ ጠዋት ተደርጎ ማታ የሚጣለው የአንድ ቀን ለስላሳ ሌንስ ነው። ማጠቢያም መያዣም አያስፈልገውም፤ የመሳሳቻ በርም ይቀንሳል። የወሩን ከመረጡ መያዣውን ቢበዛ በየሦስት ወሩ ይቀይሩ፤ አሮጌውን ፈሳሽ ደፍተው በአዲስ ይተኩ እንጂ አይደርቡበት።

ውኃ በሌንስ አጠገብ አይድረስ፤ የቧንቧም፣ የፈላም፣ የመዋኛም። አካንታሚባ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ በውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ክሎሪንም አይበግረውም። ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ምራቅማ አይነሳ።

ባለቀለም ሌንስ ቁጥር ባይኖረውም ሌንስ ነው፤ በሐኪም መለካት አለበት፤ ከእህትም አይዋስም። የኮርኒያዎ ጉብጠት ከእህትዎ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ የጠበበ ሌንስ ያፍናል፣ የሰፋ ይንሸራተታል። ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት በዚህ ሳምንት ይመርመሩ፤ ያለፈው ወር ነገር ምልክት ትቶ እንደሆነ ይታያል። መነጽርዎን አይጣሉ፤ ዐይንዎ ለማረፍ ያስፈልገዋል። ለምርመራ ሲሄዱ ያንን የጠብታ ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ያንብበው።