በሥዕሉ አጠገብ ያለችውን ወረቀት አንብቡ

ውድ ወጣቶች፣

በሥነ ጥበብ ሙዚየም የክምችት መዝገብ ክፍል ረጅም ዘመን ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ጥቁር ሰዓሊያን በታላላቅ ሙዚየሞች ያላቸውን ቦታ ለማወቅ ስትነሡ ከሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር እንድታነቡ እመክራችኋለሁ። ሥራው በግዢ፣ በስጦታ ወይም በውሰት መምጣቱ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ የመዝገብ ቁጥሩም ካለ፣ በብዙ ሙዚየሞች የሚጀምረው ሥራው ወደ ሙዚየሙ ቋሚ ክምችት በገባበት ዓመት ነው። በ1940ዎቹ የተሣለው ሥዕል በ2015 ተመዝግቦ ካገኛችሁት (የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሩ ስንት ዘመን ተዘግቶ እንደቆየ ራሳችሁ ታሰላላችሁ።

በ1969 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በዚያው ከተማ ስላለው የጥቁሮች ሰፈር ስለ ሃርለም ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲከፍት ፎቶግራፎችን በሰፊው አሳይቶ የሃርለምን ሰዓሊያንና ቀራጺያን ሥራ ግን ጨርሶ ተወው፤ ጥቁሩ ሰዓሊ ቤኒ አንድሩስና ባልደረቦቹም ከደጁ ቆመው ተቃወሙ። በ1972 ሰዓሊዋ አልማ ቶማስ በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻዋ በማሳየት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ስትሆን ዕድሜዋ 80 ነበር።

ሆኖም ዐውደ ርእይ አያታልላችሁ። በ31 የአሜሪካ ሙዚየሞች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2008 እስከ 2020 ከቀረቡት ዐውደ ርእዮች 6.3 በመቶው የጥቁር አሜሪካውያን ሥራዎች ሲሆኑ፣ ወደ ክምችት ከገቡት ሥራዎች ግን ድርሻቸው 2.2 በመቶ ብቻ ነበር። ዐውደ ርእይ ከጥቂት ወራት በኋላ በሣጥን ታሽጎ ይመለሳል፤ ክምችት ግን የተጎዳ ሥራ የሚጠግን ባለሙያ፣ በጀትና ተመራማሪ አለው። ክምችቱ በአብዛኛው የሚያድገው በባለጸጎች ስጦታ ነው፤ ባለጸጎቹ ደግሞ የሚገዙት ለጥቁር ሰዓሊያን በራቸውን እምብዛም ካልከፈቱት ጋለሪዎች ነበር። በግዢ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ «ማን ሰጥቶን እንቢ አልን?» ሲባል ሰምቼ፣ መልሱን እያወቅሁ ዝም ያልሁባቸው ቀናት አሉ።

ወደ ክምችት መግባትም ቢሆን መታየት ማለት አይደለም። በማከማቻችን የብረት ፍርግርግ ላይ ተሰቅሎ የቀረ የአንድ ጥቁር ሰዓሊ ሥዕል ነበር፤ የመዝገብ ካርዱን ሳወጣው ስጦታው የተገኘበት ዓመትና የሥዕሉ ልክ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተሞልተው፣ «የታየባቸው ዐውደ ርእዮች» የሚለው ዐምድ ግን ባዶ ነበር። ከእናንተ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ቢኖር፣ ያ ዐምድ ባዶ የሆነባቸውን ካርዶች በመጀመሪያው ወር ለይቶ ያውጣና ዝርዝሩን ለዐውደ ርእይ አዘጋጆች ያቅርብ። እኔ ይህን ያደረግሁት ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው።