የቀልብ ብርሃን ቢጫ ነው ወይስ ቀይ?

ጥያቄ፦ ስለ ለጣኢፍ (በሱፊዎች ትምህርት የሰው ውስጣዊ ረቂቅ ማዕከላት፤ ነጠላው ለጢፋ) ሁለት ጽሑፎች አነበብኩ። አንዱ የቀልብን (የልብ ለጢፋን) ብርሃን ቢጫ፣ ሌላው ቀይ ይለዋል። የቱን ልያዝ? ለዚክር (አላህን ለማውሳት) ስቀመጥ ደግሞ ግራ ደረቴ ላይ ትርታ ይሰማኛል። ቀልቤ ዚክር ጀመረ ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የጠሪቃ (የሱፊ መንገድ) ልዩነት ነው። ቀይ የሚለው የኩብራዊያ ጠሪቃ ሸይኽ የዐላኡደውላ ሲምናኒ (1261–1336 እ.ኤ.አ.) ሥርዓት ነው። እሳቸው ሰባት ለጢፋዎችን ከሰባት ነቢያት ጋር አያይዘው፣ ቀልብን ለኢብራሂም (ዐ.ሰ.)፣ ቢጫውን ሩሕ (የመንፈስ ለጢፋ) ለዳውድ (ዐ.ሰ.) ሰጥተዋል። ከአሕመድ ሲርሂንዲ (1564–1624 እ.ኤ.አ.) በሚወርደው የነቅሸበንዲያ ሙጀዲዲያ መንገድ ግን ቀልብ የአደም (ዐ.ሰ.) ሆኖ ቢጫ፣ ሩሕ ቀይ ነው። ልብ ይበሉ፦ ቀለሞቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሁለቱን የደባለቀ ሰው ገና ቀልብ ላይ ሳለ ሩሕ ደረስኩ ሊል ይችላል። ስለዚህ የሚያስተምርዎት ሸይኽ የያዙትን ብቻ ይያዙ፤ ቀለም ካልታየዎትም አይፈልጉት። በሐሳብ የተሣለ ቀለም ለማንም በቀላሉ ይታያል።

በሙጀዲዲያ ቀልብ ከግራ ጡት ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ነው፤ ሩሕ በዚያው ልክ በቀኝ። ሲርና ኸፊ የሚባሉት ለጢፋዎች ከጡቶቹ ከፍ ብለው በግራና በቀኝ፣ አኽፋ የሚባለው ደግሞ መሀል ደረት ላይ ይገኛሉ። ሥጋውን ቀዶ የሚያገኛቸው የለም፤ ቦታዎቹ ልቡና የሚያርፍባቸው ናቸው።

ሲቀመጡ ዐይንና ከንፈር ይዘጋል፣ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል፣ ትንፋሽ እንደ ወትሮው ይተዋል። «አላህ» የሚለው ስም ትርጉሙ ሳይለቅ በቀልብ ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ምላሱን ሳያውቀው ያንቀሳቅሳል፣ ወይም ደረቱን እያዳመጠ ስሙን ይረሳል።

ትርታው የደም ሥር ምት ሳይሆን አይቀርም። ደረጃ ወጥተው ቢቀመጡ ይፈጥናል። ስሙን በምቱ ላይ እንዲያሳርፉ የሚያስተምሩ ሸይኾች አሉ፤ ያኔም ቢሆን ምቱ መያዣ እንጂ ዚክሩ ራሱ አይደለም። ቀልብ መያዙን የሚያሳየው ከተነሡ በኋላ፣ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ስሙ ሳይጠሩት ሲመጣ ነው።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ»ን ትንፋሽ ይዘው የሚሉት ይህ ከተለመደ በኋላ ነው፦ በሐሳብ «ላ» ከእምብርት ወደ አናት፣ «ኢላሃ» ወደ ቀኝ ትከሻ፣ «ኢለላህ» ቀልብ ላይ። ራስ አይነቀነቅም። በአንድ ትንፋሽ የሚባለው ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ከ3 ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስከ 21 ይዘልቃል። ቢያዞርዎት ትንፋሹን ይልቀቁ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሳይዝ ይበል፤ ትንፋሽ መያዝ ያግዛል እንጂ ግዴታ አይደለም።