«ማጨጃ» ወይስ «አጫጅ»? ስለ መጀመሪያዎቹ የእህል ማጨጃዎች አጠራር

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የእርሻ መሣሪያዎችን ታሪክ የሚተርክ አንድ መጽሐፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ነኝ። ስለ መጀመሪያው የእህል አጨዳ መሣሪያ የጻፍኩት እንዲህ ይነበባል፦ «በ1831 ሳይረስ ማኮርሚክ የተባለ አሜሪካዊ በፈረስ የሚጎተት የመከር ሰብሳቢ መኪና ፈጠረ። መኪናው እህሉን አጭዶ በመድረኩ ላይ ያከማቻል።» ረቂቁን ያነበቡ ባልደረቦቼ አልተስማሙበትም። አንዱ «አጫጅ» በለው ይለኛል፤ ሌላዋ «ማጨጃ» ትላለች፤ ሦስተኛው ደግሞ «ኮምባይነር» እያለ ሕዝቡ የሚያውቀውን ቃል ምን አስቀየረህ ይለኛል። የትኛው ይሻላል? «ፈጠረ» ማለቴስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ስለ አንድ ቃል ቢመስልም የሚነካው ብዙ ነው። አስቀድሜ መልሱን ልስጥዎትና ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ፦ የ1831ዱ መሣሪያ «ማጨጃ» ነው። «መከር ሰብሳቢ»ም «ኮምባይነር»ም አይደለም፤ «አጫጅ» የሚለው ቃል ግን በሌላ ቦታ ስለሚያስፈልግዎት አይጣሉት።

በሰዋስው ልጀምር። አማርኛ የመሣሪያ ስም የሚያወጣበት ዋናው መንገድ በንዑስ አንቀጹ መጨረሻ ላይ «-ኢያ»ን መጨመር ነው። ከ«ማሰር» «ማሰሪያ»፣ ከ«መጥረግ» «መጥረጊያ» ይገኛል። የመጨረሻው ፊደል «ደ»፣ «ተ»፣ «ጠ» ወይም «ለ» ሲሆን ድምፁ ይለሰልስና «መውሰድ» «መውሰጃ»፣ «መክፈት» «መክፈቻ»፣ «መቁረጥ» «መቁረጫ»፣ «መስቀል» «መስቀያ» ይሆናል። «ማጨድ»ም በዚሁ ሕግ «ማጨጃ» ይላል። ከዚሁ ግስ የወጣው «ማጭድ» ግን ከግዕዙ «ማዕፀድ» የሚመዘዝ የቆየ ቅርጽ ነው፤ በእጅ በሚያዘው ቆልማማ ስለት ላይ ጸንቶ የኖረ በመሆኑ ለሌላ መሣሪያ ልንሰጠው አንችልም።

ይህ «-ኢያ» የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የቦታና የጊዜም ስም መሆኑን ግን ተርጓሚ ሁሉ ሊያስታውስ ይገባል። «መሰብሰቢያ» ስንል ብዙ ሰው የሚረዳው አዳራሽን እንጂ መሣሪያን አይደለም። «ሰብሳቢ» ስንልም በአእምሯችን የሚመጣው የጉባኤ መሪ ነው። «የመከር ሰብሳቢ መኪና» የሚለው ሐረግዎ ጆሮ የሚጎረብጠው ለዚህ ይመስለኛል። «መኪና» የሚለው ቃልም ከጣሊያንኛ ሲገባ ማንኛውንም ማሽን ያመለክት ነበር፤ የዚያ ትርጉም ቅሪት «የስፌት መኪና» በሚለው ውስጥ አለ። የዛሬ አንባቢ ግን «መኪና» ሲል ሞተርና ጎማ ያለውን ስለሚያስብ በፈረስ ለሚጎተት የእንጨትና የብረት ሥራ አይስማማም። «ማጨጃ» ብቻውን ይበቃል፤ ከጊዜው ወይም ከቦታው ለመለየት ካስፈለገም «የማጨጃ ማሽን» ይበሉ።

ዋናው ክርክሬ ግን በሰዋስው ላይ የቆመ አይደለም። አማርኛ መከርን በአንድ ግስ አይጠራውም። ገበሬው ያጭዳል፣ ነዶ ያስራል፣ ይከምራል፣ በአውድማ ላይ ይወቃል፣ በነፋስ ያዘራል፤ እያንዳንዱም ሥራ የራሱ ግስ፣ የራሱ መሣሪያና የራሱ ቀን አለው። የመከር መሣሪያዎች የመሻሻል ታሪክም እነዚህ ግሶች አንድ በአንድ ከሰው እጅ ወጥተው ወደ ብረት የተሻገሩበት ታሪክ ነው። ስለዚህ አንድን መሣሪያ ለመሰየም መጠየቅ ያለብን «የትኛውን ግስ ወሰደ?» ብለን ነው። የማኮርሚክ መሣሪያ የወሰደው «ማጨድ»ን ብቻ ነበር። ነዶውን የሚያስሩት ከኋላው የሚከተሉ ሰዎች ነበሩ፤ የታጨደውን ከመሣሪያው ላይ በመንሽ ወይም በመቧጠጫ እየሳበ ወደ መሬት የሚያወርደውም አብሮት የሚራመድ ሰው ነበር።

«ማጨድ» ራሱ ስንት ሥራ እንደሆነ ለማየት በማጭድ የሚያጭድን ሰው ቀርበው ይመልከቱት። ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ጥቂት አገዳዎችን ይጨብጣል። ወደ ራሱ ያዘነብላቸዋል። በቀኝ እጁ ማጭዱን ከሥር አስገብቶ ይስበዋል። የቆረጠውን ጭብጥ ከጎኑ ያጋድመዋል። መጨበጥ፣ ማዘንበል፣ መቁረጥ፣ ማጋደም፤ እነዚህ አራቱ ባንድ እስትንፋስ ስለሚፈጸሙ አንድ ሥራ ይመስሉናል። ከማኮርሚክ በፊት በብሪታንያ ከተሞከሩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የሚሽከረከር ስለት ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ የማጨድ ምስጢር ከስለቱ ይልቅ በግራ እጅ ላይ ነው። ያልተጨበጠ አገዳ ከስለት ፊት ይሸሻል፤ ይጎነበሳል እንጂ አይቆረጥም።

የማኮርሚክ ማጨጃ ክፍሎች የዚህ የግራ እጅና የቀኝ እጅ ምትክ ናቸው፤ ስማቸውንም ከዚያው ብንወስድ አንባቢው ሥዕል ሳያይ ይረዳቸዋል። ከፊት ተደርድረው አገዳውን በመካከላቸው የሚይዙትን ሹል ብረቶች «ጣቶች» ይበሏቸው። በጣቶቹ መካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመላለሰው ደግሞ «ተመላላሽ ስለት» ነው፤ የመሬቱ መንኮራኩር ሲዞር ዙረቱ በማርሽ በኩል ተሻግሮ ወደ ምልልስ ይለወጥና ስለቱን ያንቀሳቅሳል። ከላይ የሚዞረውን፣ ሰብሉን እየደፋ ወደ ስለቱ የሚያቀርበውን ባለ ክንፍ መሣሪያ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ማጠንጠኛ» ይሉታል። ማጠንጠኛ ግን ክር የሚጠቀለልበት ነው፤ ይህ ምንም አይጠቀልልም። ሥራው ማዘንበል ስለሆነ በዚያው በ«ለ» ሕግ «ማዘንበያ» ቢባል ትክክልም ግልጽም ይሆናል።

«መድረክ» ያሉት የታጨደው የሚያርፍበትን ጠፍጣፋ ክፍል ነው። መድረክ ተናጋሪ ወይም ተዋናይ የሚቆምበት ነው። «መደብ» እንዳንል መደባችን ከጭቃ የሚሠራና ከቦታው የማይነቃነቅ ነው። እኔ የምመርጠው «ርብራብ» የሚለውን ነው፤ እንጨት በእንጨት ላይ ተረብርቦ የሚሠራ፣ ነገር የሚጋደምበት ጠፍጣፋ ሥራ ሁሉ በአማርኛ ርብራብ ይባላልና።

አሁን ወደ «ፈጠረ» ልምጣ። «ፈጠረ» ከምንም ማስገኘትን ስለሚያስታውስ ለመሣሪያ ታሪክ ሲውል አንባቢውን ያሳስታል። ማኮርሚክ በቨርጂኒያ መሣሪያውን ያሳየው በ1831 ነው። ከእርሱ በፊት አባቱ ሮበርት ማኮርሚክ በዚያው እርሻ ላይ ለዓመታት ሞክረው ነበር፤ በቤተሰቡ ባርነት ሥር የነበረው ጆ አንደርሰንም በሥራው ላይ ረድቷል። ኦቤድ ሀሲ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ለራሱ ማጨጃ የባለቤትነት መብት (ፓተንት) ያገኘው በታኅሣሥ 31 ቀን 1833 ሲሆን ማኮርሚክ ያገኘው ከዚያ በኋላ በሰኔ 21 ቀን 1834 ነው (ዓመቶቹም ቀኖቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሀሲ መሣሪያ ማዘንበያ አልነበረውም፤ ነገር ግን ጣቶቹ በመሐል የተሰነጠቁ፣ ስለቱም ባለ ሦስት ማዕዘን ጥርሶች የተደረደሩበት ስለነበር በመቁረጥ የተሻለ ነበር፤ በኋላ ዘመን ማጨጃዎች የተቀበሉትም ይህንኑ የእርሱን ዓይነት ስለት ነው። የማኮርሚክ የ1834 ሰነድ ርእስ ራሱ «በእህል ማጨጃ ማሽኖች ላይ የተደረገ ማሻሻያ» የሚል ነው። ባለቤቱ ያላለውን «ፈጠረ» እኛ ልንጨምርለት አይገባም።

«አሻሻለ» ደግሞ እንዴት ያለ ግስ መሆኑን ያስተውሉ። «ተሻለ» ከሚለው ወጥቶ «ሻ»ን ይደግማል። አማርኛ ፊደል ሲደግም፣ እንደ «ቆራረጠ»ና «ለዋወጠ»፣ ድርጊቱ ባንድ ጊዜ ያላለቀ፣ እየተመላለሰ የተሠራ መሆኑን ይነግረናል። ለዚህ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ግስ የለም። «ሠራ» ወይም «ሠርቶ አሳየ» ማለትም ይቻላል።

በረቂቅዎ ውስጥ «በፈረስ የሚጎተት» ያሉት ለማኮርሚክ ትክክል ነው፤ ፈረሶቹ ካልታጨደው ሰብል ጎን በታጨደው በኩል እየሄዱ ይስቡታል። ነገር ግን ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ቤል በ1828 ያሠራው ማጨጃ ላይ ሲደርሱ ይህንኑ ሐረግ እንዳይደግሙት አደራ። የቤል ፈረሶች ከኋላ ሆነው ነበር የሚገፉት፤ ስለቶቹም እንደ መቀስ የሚገጥሙ ነበሩ፤ የታጨደውንም የሸራ ምንጣፍ ወደ ጎን እየወሰደ ይጥለው ነበር። ስለዚህ የእርሱ «በፈረስ የሚገፋ ማጨጃ» ነው። ቤል በኋላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ ሰው ነው፤ ለሥራው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም።

«ማጨድ» የማይባልም አለ። በ1843 ጆን ሪድሊ በደቡብ አውስትራሊያ ለሥራ ያዋለው መሣሪያ አገዳውን ቆሞ ትቶ ዛላውን ብቻ እየመታ ይወስድ ነበር። ቅጠልን ወይም ዛላን ከአገዳው ላይ ስቦ ማውረድ በአማርኛ «መሸምጠጥ» ይባላል፤ ይህንን «መሸምጠጫ» ይበሉት። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የጻፈለት የጥንቷ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) መሣሪያም፣ በጥርሳም ሣጥኑ ዛላ የሚለቅም፣ በሬ ከኋላ የሚገፋው፣ ከዚሁ ወገን ነው።

ወደ ነዶ ማሰር ስንሻገር ግን «-ኢያ» ይከዳናል። «ነዶ ማሰሪያ» ካልን ገበሬ የሚረዳው ነዶው የሚታሰርበትን ገመድ ወይም ጭራሮ ነው። እዚህ ላይ ነው «አጫጅ» ያሉት ባልደረባዎ የሚረዱን። የአድራጊ ስም ከመሣሪያ ስም ፊት ገብቶ ሲገልጽ፣ እንደ «ቦምብ ጣይ አውሮፕላን»፣ በአማርኛ ያማረ ነው። ስለዚህ «ነዶ አሳሪ ማጨጃ» እንላለን። የዚህ ደረጃ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። በ1858 ማርሽ የሚባሉ ወንድማማቾች በኢሊኖይ የባለቤትነት መብት ያገኙበት መሣሪያ የታጨደውን በሸራ ወደ ላይ ያመጣና በላዩ ቆመው ለሚጓዙ ሁለት ሰዎች ያቀርብላቸው ነበር፤ የሚያስሩት ሰዎቹ ስለሆኑ ገና «ነዶ አሳሪ» አይባልም። በ1870ዎቹ ብረቱ ራሱ በሽቦ ማሰር ጀመረ። ሽቦው ግን ብጥስጣሹ ከእህሉ ጋር ወደ ወፍጮ፣ ከጭዱ ጋር ወደ ከብት ሆድ እየገባ አስቸገረ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ የዊስኮንሲኑ ጆን አፕልቢ ሲባጎ የሚቋጥር መሣሪያ ሠራ። የሚቋጥረው ክፍል የወፍ መንቁር ይመስላል፤ ሲባጎው በላዩ ሲያልፍ አንዴ ዞሮ ይጠመጥመዋል፣ አፉን ከፍቶ ጫፎቹን ይነክሳል፣ ነዶው ሲገፋ ቋጠሮው ከመንቁሩ ላይ ተንሸራትቶ ይጠብቃል። ይህን ክፍል «መቋጠሪያ» ቢሉት፣ ጫፉንም «መንቁር» ቢሉት ማንም አይሳሳትም።

«ኮምባይነር»ን በሚመለከት ሦስተኛው ባልደረባዎ ስለ ቃሉ ልክ ናቸው፤ ስለ መሣሪያው ግን አይደሉም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ ገበሬው የሚጠራው በዚሁ ስም ስለሆነ «አጣማሪ» የሚል አዲስ ቃል ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። ኮምባይነር ግን ማጨድን ከመውቃት ጋር በአንድ ጉዞ የሚፈጽም ነው። ሂራም ሙርና ጆን ሀስካል በ1836 በሚሺጋን እንዲህ ላለ መሣሪያ የባለቤትነት መብት አግኝተው ነበር። ሁለቱ ዓይነቶች የአንድ ዘመን ሥራዎች ስለሆኑ ማኮርሚክን «ኮምባይነር» ካሉት ሙር ላይ ሲደርሱ ስም ያልቅብዎታል። ብቻውን የሚወቃው፣ አንድሩ ሚክል በ1786 በስኮትላንድ የሠራው ዓይነት፣ «መውቂያ» ነው።

ረቂቅዎን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሳይረስ ማኮርሚክ በ1831 በቨርጂኒያ በፈረስ የሚጎተት የእህል ማጨጃ ሠርቶ አሳየ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም አሻሻለው። ማዘንበያው ሰብሉን ወደ ጣቶቹ ያቀርባል፣ ተመላላሽ ስለቱ ይቆርጠዋል፣ የታጨደውም በርብራቡ ላይ ይጋደማል፤ ከዚያ አብሮ የሚራመድ ሰው ወደ መሬት ያወርደዋል።» «ያከማቻል» ያሉትን ያወጣሁት በርብራቡ ላይ ክምችት ስለሌለ ነው፤ ለአንድ ነዶ የሚበቃው እንደሞላ ይወርዳል።